ሁለት ጊዜ የተለዩ ጥንዚዛዎች

አንባቢዬ፣ በገዛ እጅዎ የጻፉት ደብተር በሌላ ሰው እጅ ሲገለባበጥ አይተው ፈርተው ያውቃሉ? እኔ ፈርቻለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ሳይንስ ለማስተማር ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንዴ ወደ ጓሳ፣ አንዳንዴ ወደ ቀየት እየሄድኩ ከየምንጩ የውሃ ጥንዚዛ እሰበስብ ነበር። እነዚህ ጠልቀው የሚዋኙ፣ የአንድ ወገን ዘመዳሞች ናቸው። ዓይነታቸውን ለመለየት የክንፋቸውን መስመርና የሆዳቸውን ቅርጽ በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። ወንዱ የፊት እግሩ መዳፍ ሰፋ ይላል። የለየኋቸውን በመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ፣ አረቄ ውስጥ አኖርና በደብተሬ እመዘግባለሁ፦ «ሁለተኛ ዓይነት፤ ቀየት፤ ከድንጋይ ሥር፤ ወንድ አራት፣ ሴት ሰባት።»

አንድ ማለዳ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ለአሰሳ መጡና ደብተሩን ከነብልቃጦቹ ይዘው፣ እኔንም አስከትለው ሄዱ። በዚያ ሰሞን የኅቡዕ ስብሰባ ዝርዝር ይታደን ነበር። አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ሰው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ተወስዶ አልተመለሰም።

የቀበሌው ሊቀመንበር አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው። ቀየት ላይ ከድንጋይ ሥር የሚገናኙት አራት ወንዶችና ሰባት ሴቶች እነማን እንደሆኑ ጠየቁኝ። ጥንዚዛዎች ናቸው አልኩ። ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ ብልቃጡን አሸተተና፣ «እኛ ለክርስትና አረቄ አጥተን፣ የመምህሩ ትል ሰክሮ ይተኛል» አለ። ጓደኛው ሳቀ።

ሊቀመንበሩ ሦስት ብልቃጥ ሙሉውን አንድ ሰሃን ላይ ገልብጠው በጣታቸው አማሰሉት።

«እንግዲህ ለያቸው» አሉ። «ከጻፍከው ካልገጠመ፣ የሚቀጥለውን ታውቃለህ።»

የጻፍኩት ከወራት በፊት ነው፤ ቁጥሩን አላስታውስም። አጉሊ መነጽሬን ከኪሴ አውጥቼ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ሦስት ክምር ሆነ፤ አንዷ ግን ተረፈች። መስመሯ የሁለተኛውን፣ ሆዷ የሦስተኛውን ይመስላል። ወደ አንዱ ልገፋት ከጀልኩ፤ ምንም ሳያስተርፍ የጨረሰ ሰው ይታመናል ብዬ። ወደየትኛው ግን?

«ይቺን አላውቃትም፣ ጋሼ» አልኩ። ጓድ ማለቱን እንኳ ረስቼው ነበር።

እሳቸው ክምሮቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። ጣታቸው ገጹ ግርጌ ላይ ቆመ። ጮክ ብለው አነበቡ፦ «አንዲት ቀረች፤ የየትኛው ዓይነት እንደሆነች አላወቅሁም።»

ደብተሩን ዘጉት። «ትሎችህን ሰብስብና ሂድ። ከእንግዲህ ሰው የሚመስል ቁጥር እንዳትጽፍ።»

ደጃፉን እንዳለፍኩ ግንብ ተደግፌ ተቀመጥኩና ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

እስቲ እርስዎም ይሞክሩት። በአቅራቢያዎ ካለ ኩሬ ጥቂት ጥንዚዛ ይሰብስቡ፤ በዓይነት በዓይነት ለይተው ይመዝግቡ። ያላወቁትንም አላወቅሁም ብለው ይጻፉ። ከሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ይደባልቅልዎት፤ ደብተርዎን ሳይገልጡም እንደገና ይለዩ።