የተወጠረ ክንፍ

በባለቤቴ ሱቅ የጨው ጆንያ በፈታሁ ቁጥር እናቴ ትዝ ትለኛለች። ልጅ ሳለሁ ዲላ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ከቡና ዛፍ ሥር ሞተው የምታገኛቸውን ትናንሽ ወፎች ሆዳቸውን አጽድታ፣ ጨውና አመድ ሞልታ፣ ክንፋቸውን በእሾህ ወጥራ ቡና በሚሰጣበት አልጋ ላይ ታደርቃቸው ነበር። ከዚያ ሰሌዳ ላይ በቃጫ ትሰፋቸዋለች። እንግዳ ሁሉ ያደንቅላት ነበር።

አንድ ቀን ለማድረቅ ያሰጣቻትን ወፍ እንድጠብቅላት ነግራኝ የአባቴን ምሳ ልታቀርብ ገባች። ፀሐዩ ሲከር፣ ቡናውን እንደምንሸፍነው ወፏንም በላስቲክ ሸፈንኳት። እናቴ እስክትመለስ ወፏ በላስቲኩ ላብ ርሳ ሸትታ ነበር።

«ወፍ እኮ ቡና አይደለችም!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ሌላ ወፍ አመጣች። «ነይ፣ ክንፏን ያዢልኝ።»

ያዝኩላት። ክንፏ ሲወጠር ነፍስ የዘራች መሰለኝ።

«እማዬ፣ ልትበር ነው?»

«አትበርም። የምትበር ትመስላለች። ለሰው እሱ ይበቃዋል» አለችኝ፣ ያለ አባቴ ፈቃድ የማትወጣበትን የግቢ በር እያየች።

ያኔ የምታወራው ስለ ወፏ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ጨው የመዘንኩላት ደንበኛ «አንቺ መቼም ሁሌ ሳቂታ ነሽ፤ ታድለሽ!» አለችኝ። ባሌ ከኋላዬ ቆሟል።

ሳቅሁላት።