ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዕድሜውን ሙሉ ለቴሌቪዥን ኮሜዲ ጻፈ። ሽልማቶቹ እስራኤል አገር፣ ክፋር ግቢሮል ሰፈር፣ አያቴ ቤት ተደርድረዋል፤ እሱ ዞር ብሎም አያያቸውም ነበር። ፕሮግራሙ ሲጀምር ወንበሩን አዙሮ፣ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ የእኛን ፊት ያያል። አያቴ እንደ አገሯ ወግ አፏን በነጠላ ሸፍና ስትስቅ፣ «እማ፣ ነጠላሽን ዝቅ አድርጊው እንጂ! ሽልማቴን ልየው» ይላታል።

«ነውር ነው፣ ዝም በል!»

ጋሼ ሲሞት፣ በሺቫው፣ ለሐዘን በተቀመጥንበት ሳምንት፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው ለመታሰቢያው የድሮ ሥራውን አሳየ። ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ አያቴ ግን «ክፈቱት» አለች። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። እሷ ብቻ ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና፣ ፊቷን ወደ ባዶው ወንበር አዙራ፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች።