የባለዱላው ፍሬን

«ማዘር፣ እስቲ ገብተው ፍሬኑን ይርገጡልኝ» አለኝ ናቲ፣ ከአባቴ ቮልስ ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ። ናቲ መስቀል ፍላወር አካባቢ ውስጥ ለውስጥ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ ያለው፣ በዕድሜ ከመጨረሻው ልጄ የማይበልጥ መካኒክ ነው፤ ያን ቀን ብቻውን ስለነበር መርገጫው ላይ የሚቀመጥለት ሰው ያስፈልገው ነበር። መኪናዋ ለዓመታዊ ምርመራ ሄዳ በኋላ ጎማ ፍሬኗ ምክንያት ሳታልፍ ከተመለሰች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ታምቡር የሚሉት፣ ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ ያለው ከበሮ መሰል ብረት፣ በየጊዜው ቶርኖ ቤት እየተላገ ሳስቶ ሳስቶ ከእንግዲህ የሚላግ ነገር አልተረፈውም፤ አዲሱ ደግሞ የመለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራም ተፈልጎ ጠፋ። «በቃ፣ የኋላውንም እንደ ፊቱ ዲስክ እናድርገውና ይገላገሉ» አለኝ። ከጡረታ ወዲህ፣ በተለይ ካዛንቺስ ፈርሶ ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ከተዛወርኩ ወዲህ፣ ከምንም ነገር የሚገላግለኝ ሰው ከመጣ አልከራከርም።

ወገቤን ይዤ ገባሁና ተቀመጥኩ። አዲሶቹ ዲስኮች ታስረው አልቀዋል፤ የቀረው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ብቻ ነው። ናቲ ከሥር ሆኖ «ይርገጡ… ይያዙ… እንዳይለቁ!» ሲል፣ የፍሬን ዘይቱ ሽታ አፍንጫዬን ቆንጠጥ ሲያደርገኝ፣ መርገጫውን ከሚገባው በላይ ተጭኜ ያዝኩት። ናቲ የእርጅና መስሎት ይሆናል። እኔ ግን መልሼ ዘጠኝ ዓመቴ ሆኜ ነበር፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንሸራትቼ፣ መሪውን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ እግሬን እንደ ምንም መርገጫው ላይ አድርሼ፣ አባዬ ከሥር «ርገጪ… ያዢ…» ሲለኝ።

ግቢያችን ካዛንቺስ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር፤ አንድ ቧንቧና አንድ የግቢ በር የሚጋሩ አሥራ አንድ ቤቶች፣ የአንዱ ወጥ ሲያር የሁሉም ልብስ የሚሸትበት፣ ሬዲዮ ያለው ሰው ለሌለው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚከፍትበት ግቢ። መኪና የነበረው አባዬ ብቻ ነው። መዝገብ ቤት ይሠራ ስለነበር ለመኪናዋም እንደ ፋይል ነበር የሚጠነቀቅላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የቡሎን መፍቻ ኪያቤዎቹን በቁመታቸው ጆንያ ላይ ይደረድርና የገዛ እጁን ሥራ የማያምን ሰው ይመስል አንዷን ቡሎን ሦስት ጊዜ ያጠብቃታል። መካኒክ ቤት ገንዘብ ላለማውጣት ነው የሚሉ ነበሩ። እኔ ግን ደስታው እንደነበር አውቃለሁ፤ ሌላ ቀን አባዬ ሲያፏጭ ሰምቼ አላውቅም።

የፍሬን ቀን የእኔ ቀን ነበር። የኋላ ፍሬኑን ሸራ ቀይሮ አየሩን ሲያስወጣ መርገጫው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ሥራው ቀላል ነው፤ ርገጪ ሲል መርገጥ፣ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን አጥብቆ ልቀቂ እስኪል ድረስ አለመልቀቅ፤ ቀድሜ ከለቀቅሁ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ያን ቅዳሜ የቀኙን ጎማ ጨርሰን ወደ ግራው ዞረናል። እግሬ ዝሏል። በመስኮቱ የግቢው ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ይታየኛል፤ ተራዬ ደርሶ ስሜን እየጠሩ ነው። ለማየት ቀና ስል እግሬ ተነሳ። ለአፍታ ነው፣ ወዲያው መልሼ ረገጥኩ። አባዬ ከሥር «ይዘሻል?» አለ። «ይዣለሁ» አልኩ።

ግቢው ውስጥ ሲሞክራት ደህና ያዘች። ከዚያ እትዬ ዘይነባን ጭኖ ወጣ። እትዬ ዘይነባ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቤት የሚኖሩ፣ ከደሴ የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ለእንቁጣጣሽ የሰፉትን የልጆች ልብስ ስታዲየም አካባቢ ለምትኖር ደንበኛቸው ሊያደርሱ ነበር። ወደዚያ የሚወስደው ቁልቁለት መሀል ላይ መርገጫው ወለሉ ድረስ ወረደ፣ ፍሬኑም አልያዘም። አባዬ ሰው ከመግጨት ብሎ መሪውን ወደ ጠርዙ ጠመዘዘና መኪናዋን የአሸዋ ክምር ላይ ሰካት። እሱ ግንባሩ ተጫረ። የእትዬ ዘይነባ የቀኝ እጅ ተሰበረ፤ ያ የመቀስ እጃቸው፣ የመርፌ እጃቸው፣ የሦስት ልጆች እንጀራ የሚወጣበት እጅ።

ወጌሻ አሽቶ አሰረላቸው። ማሽናቸው በዓሉን ሙሉ በጨርቅ ተሸፍኖ ዋለ። እኔ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ «ይዣለሁ» የምትለውን ቃል እሰማት ነበር።

በሳምንቱ የግቢው ሽማግሌዎች እትዬ ዘይነባ ቤት ተቀመጡ። በእኛ ግቢ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ፖሊስ ጣቢያ አይኬድም፤ አራት ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የሆነው ነገር ይጠየቃል፣ ይቅር ይባባላሉ፣ ያልቃል። እኔ በሩ ጀርባ ነበርኩ። «ፍሬኑን ከማን ጋር ነው የሠራኸው?» ብለው ጠየቁት። አባዬ ጎሮሮውን ጠራርጎ «ብቻዬን ነኝ፤ መርገጫውን በዱላ ወጥሬ ነው የሠራሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከዚያ እትዬ ዘይነባ እጃቸው አንገታቸው ላይ እንደታሰረ ከትከት ብለው ሳቁ። «ኧረ ባለዱላው! ፍሬን በዱላ የሚሠራ ካንተ ወዲያ ከየት ይመጣል!» አሉ። ሌሎቹም ሳቁ። አባዬ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል በደህና እጃቸው ጎትተው አስነሱት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባዬ ባለዱላው ሆነ። ልጁም አዋቂውም ባለዱላው መጣ፣ ባለዱላው ገባ ይል ነበር። አባዬ ፈገግ ይላል። ኪያቤዎቹን ግን በጆንያው ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተታቸው፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ቡሎን ሲፈታ አላየሁትም፣ ሲያፏጭም አልሰማሁትም። መኪናዋን ጋራዥ ይወስዳታል፣ ሌሎች ሲሠሯት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያል። እኔን አንድም ቀን አልተቆጣኝም፣ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ያ ዝምታው ከዱላ የባሰ ነበር። እኔም ተማርኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ ስንቱን ልጅ እውነት ተናገር ብዬ ቀጣሁ፤ አባዬ ሊያርፍ ሰሞን ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ስለ መኪናዋ ቦሎ አወራሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የናቅሁበት ጊዜ የለም።

«አሁን ይልቀቁ» አለኝ ናቲ። ለቀቅሁ። የቡሎኗን የላስቲክ ክዳን መልሶ ሲገጥም፣ ድንገት «ይህንን ሰው ብቻውን፣ መርገጫውን በዱላ ወጥሮ ሊሠራው ይችላል?» አልኩት።

ሳቀ። «አይ ማዘር! ማለቴ፣ ቡሎኗን ፈታ ሲያደርጓት መርገጫው ወደ ታች ይወርዳላ። ዱላው በቃ ዱብ ነው። መኪና የነካ ሰው ይህንን ቢነግሩት አያምንዎትም።»

ከአራቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ነበሩ።

በነጋታው ወደ እትዬ ዘይነባ ነዳሁ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ግቢው ሲበተን ልጃቸው ወደ እሷ ኮንዶሚኒየም ወስዳቸዋለች፣ ከእኔ በሌላኛው የከተማው ጫፍ። መኪናዋ ፍሬኗን በነካሁት ቁጥር ቀጥ ትላለች፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ እኔ ግን እየሄድኩ ያለሁት ሊፈረድብኝ መሆኑን ብቻ ነበር የማስበው። አምስተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣሁ። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ የቀኝ አንጓቸው ዛሬም ትንሽ ወደ ውጭ ይዞራል። ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አልጠበቅሁም። እግሬን እኔ ነኝ ያነሳሁት አልኳቸው፣ ይዣለሁ ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ አልኳቸው፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጅ እያለቀስኩ።

እትዬ ዘይነባ ፀጉሬን በዚያች ጠማማ እጃቸው ዳሰስ አደረጉት።

«አብሽሪ ልጄ። እኔ በር ላይ ሆኜ ዘርፍ ስቀመቅም አይደል አባትሽ ሲሠራ የነበረው? መኪናዋ ውስጥ የተቀመጥሽው አንቺ እንደሆንሽ ያላየ ማን አለ? ዱላ ሲለን ገባን። ልጅ ናት፣ ይህ ነገር ስሟ ላይ እንዳይቀር አልን፣ በቃ። እኔም ባለዱላው ያልኩት ወሬው እሱ ላይ ተስቆበት እንዲያልቅ ነው።» በሻርፓቸው ጫፍ እንባዬን ጠረግ አድርገው ጨመሩ፤ «ለአባትሽም ነግሬዋለሁ። ልጅቷን እንዳትናገራት፣ እኔ ይቅር ብያታለሁ ብዬዋለሁ። ቃሉን ጠበቀ አይደል?»

ስመለስ መንገድ ዳር አቆምኩና ቆየሁ። አሥራ አንድ ቤት ነበርን። በቧንቧው ተራ ምክንያት ስንት ጊዜ ተጣልተናል፤ በልጆች፣ በአጥር፣ በመብራት ቆጣሪ ተሰዳድበናል፤ እናቴና አንዷ ጎረቤታችን ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ያን ሁሉ ዘመን፣ ንዴቱ ጣራ በነካበት ሰዓት እንኳ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ አፍ «አንቺ እኮ ነሽ የዘይነባን እጅ የሰበርሽ» ብሎኝ አያውቅም። አሁን ሽማግሌዎቹ ሞተዋል፣ ሌሎቹ የት እንደተበተኑ አላውቅም፤ ላመሰግን ብነሳ የማንኳኳው በር የለም። እኔ በምኖርበት ፎቅ ደግሞ ከግድግዳዬ ወዲያ ማን እንደሚያስል አላውቅም፣ እሱም የእኔን ስም አያውቅም። ካዛንቺስ ሲፈርስ የፈረሰብኝ ቤት ብቻ መስሎኝ ነበር።