የርዕሰ መምህሩ ቻርጀር

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ከመዳፍ የማትሰፋ ኮምፒውተር ፊቱ አስቀምጦ ኪቦርዱን ከአንዱ የዩኤስቢ ቀዳዳ እየነቀለ ሌላው ላይ ይሰካል። «ጋሼ፣ ይሄኛውም ቀዳዳ ሞተ» አለኝ። ጋሼ መባሉን ገና አልለመድኩትም። ቢሆንም ቀዳዳ ሲሞትና ሲነሣ ያየሁ ሰው ነኝና የኤሌክትሪክ ገመዱን እስከ ሶኬቱ ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት፤ ጫፉ ላይ የስልክ ቻርጀር ነው። ወዲያው የልደታው ሰፈራችን ትዝ አለኝ።

ከኮሌጅ ወጥቼ ሥራ የፈታሁበት ክረምት ነበር። ታናሽ እህቴ ትርሲት በበሽታ ዓይኗን አጥታ ቤት ከዋለች ቆይታለች፤ ዘጠነኛ ክፍል መግባት ትፈልጋለች። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን «ያን ሁሉ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ማን ያነብላታል?» ብለው አመነቱ። እኔም አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ካሜራ ሰክቼ፣ ገጹን ፎቶ አንስታ በድምፅ የምታነብ መሣሪያ ሠራሁ። ርዕሰ መምህሩ «ምዝገባው በሚዘጋበት ዕለት መሣሪያዋን አምጣና ልያት። ከሠራች ልጅቷ ትመዘገባለች። ካልሆነ ክፍለ ሀገር ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ይሻላታል» አሉ። እናታችን አዳሪ የሚለውን ቃል ከሰማች ጀምሮ እህል አልወርድ አላት።

መሣሪያዋ ግን አመለኛ ነበረች። ካሜራው ሲፈልግ ይታያል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ቀዳዳ ለወጥኩ፣ ገመድ ለወጥኩ፣ ፕሮግራሙን ደግሜ ጫንኩ። በመጨረሻ ስደርስበት ቀዳዳዎቹ ደህና ናቸው፤ የስልክ ቻርጀር የሚሰጠው ኃይል ለእሷም ለካሜራውም አይበቃም። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ካለ ሱቅ ጠንከር ያለ ቻርጀር ገዛሁላት፣ አመሏን ተወች።

በቀጠሮው ጠዋት ያካፋል። ትርሲት ክንዴን ይዛ ጭቃውን እየረገጥን ሄድን። መንገድ ዳር የሚጠበሰው በቆሎ ያውዳል፤ ያን ጊዜ ግን የሁለታችንም ሆድ ዝግ ነበር።

ቢሮ ገብተን ቻርጀሬን ሳወጣ ርዕሰ መምህሩ የራሳቸውን ከስልካቸው ነቅለው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

«ያን ተወው፣ ልጄ፣ በዚህ ሰካት። ወንድሜ ከውጭ የላከልኝ ነው፤ ኦሪጅናል።»

ምን ይባላል? ታላቅ ሰው በገዛ ቢሯቸው ሲሰጡኝ «የእርስዎ አቅም የለውም» ይባላል? የኔን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩ፣ እጅ ነሥቼ ተቀበልኩና ሰካሁ።

ትርሲት መጽሐፉን ከካሜራው ሥር አደላድላ ቁልፉን ተጫነች። ዝም። ካሜራውን ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። መሣሪያዋ አንድ ቃል ጀመረችና ተቆረጠች። ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ወላጆች ያጉረመርማሉ። እኔ ምክንያቱን እያወቅኩ ደህናዎቹን ቀዳዳዎች እነካካለሁ።

«እንግዲህ፣ ልጆቼ፣ እናንተስ ሞክራችኋል» ብለው ብድግ አሉ።

ትርሲት ቦርሳዬን ዳብሳ ከፈተች። እጇ ቻርጀሩን አገኘው።

«የኛ ቻርጀር እዚህ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

እሷ ፊቷን ወደ ርዕሰ መምህሩ ድምፅ አዞረች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የእርስዎ ቻርጀር አይችላትም። ወንድሜ እንዳይቀየሙት ብሎ ነው።»

እሳቸው እኔን አዩ፣ ቻርጀራቸውን አዩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ታዲያ ንቀለው እንጂ!» አሉ ቆጣ ብለው።

ቶሎ ብዬ ነቀልኩት፣ የኛን ሰካሁ። መሣሪያዋ በዚያ ጉንፋን የያዘውን ሰው በሚመስል ድምጿ ገጹን ከላይ እስከ ታች ዘለቀችው። ርዕሰ መምህሩ እንደቆሙ ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ እኔን ትተው ወደ እሷ ዞሩ።

«ስምሽን እስከ አያት ንገሪኝ» አሏት።

በረንዳው ላይ በደስታ ላቅፋት ስል ገፋ አደረገችኝ። «ሁለተኛ በኔ ጉዳይ ይሉኝታ እንዳይዝህ» አለች። «በራስህ ጉዳይ እንደፈለግህ።»

ዛሬ ትርሲት ጠበቃ ናት፤ ልደታ ፍርድ ቤት ቆማ ለሰው ትሟገታለች። ይሉኝታን አልጠላውም፤ እናትና አባታችን ያሳደጉን በእሱ ነው። ግን ያን ጠዋት እሷ ዝም ብትል ኖሮ ከእናታችን ተለይታ አዳሪ ትሄድ ነበር። እኔም ማንንም ሳላስቀይም፣ ምርቃት ተቀብዬ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም እፈራለሁ።