የበጉ ገመድ

የቤቴ ቆርቆሮ ዝጎ ክረምት በገባ ቁጥር ያፈስ ስለነበር፣ ባለፈው በጋ ከሐሙሲት አናጢ አስጠራሁ። ጎልማሳ ነው፤ ጨዋታ ያውቃል። እሱ ጣሪያ ላይ ይውላል፣ ታናሽ ወንድሙ ከታች ቆርቆሮ ያቀብለዋል። ወገቡን እንዲያስርበት ከወረታ ገበያ ወፍራም ገመድ ገዝቼ ሰጠሁት። በእጁ መዘን አድርጎ ሳቀ።

«እማማ፣ ገመድ እኮ ለበግ ነው።»

«በግ ከጣሪያ አይወድቅም» አልኩት።

«ይጠፋላ! እኔ የት እጠፋብዎታለሁ?»

ጣሪያ ሲያልቅ ለሠራተኛ በግ ማረድ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። በጉን ቀደም ብዬ አስገዝቼው ነበር። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በጉ አምልጦ የጎረቤት ጎመን ውስጥ ገባ። አናጢው ከጣሪያ ወርዶ አሯሩጦ ያዘውና፣ ከሩዝ ገለባው ክምር አጠገብ በዚያው በአዲሱ ገመድ አሰረው። ቋጠሮውን ጎተት ጎተት አድርጎ ፈተነ። «አሁን ምንም አይሆንም» አለና ተመልሶ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ የረገጠው አሮጌ እንጨት ተሰብሮበት ከጣሪያው ወደቀ። በገለባው በኩል ቢሆን ልብሱን አራግፎ ይነሳ ነበር፤ የወደቀው ግን ድንጋይ በተከመረበት በኩል ነው። በጉ ቀና ብሎ አየውና ገለባውን መብላት ቀጠለ።

ጭኑ ተሰብሯል። ባሕር ዳር ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ እግሩ በገመድ ተወጥሮ፣ ጫፉ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎበት አገኘሁት። ቆሞ ይሄድ እንደሆነ ገና አልነገሩትም።

«ይኸው ታሰርኩልዎ እማማ» አለኝ።

የያዝኩለትን ብርቱካን ራስጌው አስቀመጥኩለት።

«የቀረውን ማን ይሠራዋል?»

«ወንድምህ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «በጉን ይፍቱትና ገመዱን ይስጡት» አለ።

ወንድሙ ታስሮ ጣሪያውን ጨረሰ። በጉ ያን ዕለት ሳይታሰር ዋለ፤ የትም አልሄደም።

አናጢው ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። ጣሪያ ግን አይወጣም። ወንድሙ ከላይ ሆኖ እሱ ከታች ቆርቆሮ ያቀብላል። በቀደም ወረታ ውስጥ ሲሠሩ አየኋቸው። ወንድሙ መሰላሉን ሊረግጥ ሲል አናጢው ጠርቶ አስቆመው፤ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ገመዱን ወገቡ ላይ ቋጠረለት፤ ጎተት ጎተት አድርጎም ፈተነው።