አክስቴ በእኔ የተሳሉት ስለት

ሐምሌ ፳ ቀን ፲፱፻፺፭ ዓ.ም.፣ በስዊድኖቹ አቆጣጠር ጁላይ 27 ቀን 2003፣ በ፲፱ የሚውለው የሐምሌ ገብርኤል በስቶክሆልም በማግሥቱ በተከበረበት እሑድ፣ አክስቴ እኔን ሳያማክሩ በእኔ የተሳሉትን ስለት በጉባኤ ፊት አስነገሩ። ስለቱ ይህ ነበር፦ «የእኅቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከገባችልኝ፣ ትምህርቷን እስክትጨርስ ከዚህ ከተማ ሳትወጣ በመዘምራን ታገለግልሃለች።» ጉባኤው እልል አለ። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚህ ከተማ ወጥቼ የምማርበትን ቦታ ማግኘቴን ካወቅሁ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላኝም ነበር።

ወደ ስዊድን የመጣሁት በዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ ልቧን ታማ አዲስ አበባ ስትቀር ታላቅ እኅቷ ተቀበሉኝ፤ በስቶክሆልም ዳር ባለችው ሮግስቬድ ከእሳቸውና ከባላቸው ጋር ኖርሁ። አክስቴ በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ፣ ባላቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ይህን የምጠቅሰው እንዲታዘንላቸው ብዬ አይደለም። በዚያ ቤት ተስፋ ሁሉ የተጣለው በእኔ ላይ እንደ ነበር፣ ተስፋ የተጣለበት ሰው ደግሞ አንድ እርምጃ ሲራመድ ቤቱ በሙሉ እንደሚደነግጥ ካልታወቀ የቀረው አይገባም።

በሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመቴ ባዮኬሚስትሪ ለማጥናት ማመልከቻ ማዘጋጀት ጀመርሁ። አሠራሩ ቀላልና ጨካኝ ነው። አመልካቹ የሚፈልጋቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ያሰፍራል፤ አንደኛው ከተሳካለት ከበታቹ ያሉት ሁሉ በራሳቸው ይሰረዛሉ። ስለዚህ አንደኛ የምለውን ፈራሁት። የስቶክሆልሙ ትምህርት ቤት በትምህርቱ ጥራት የሚታማ አልነበረም፤ በዚያ ብቻዬን ተምሬ ብቻዬን እንዳልቀር ሰጋሁ። በስተደቡብ፣ በባቡር ከአራት ሰዓት በላይ የምትርቀው የተማሪዎች ከተማ ደግሞ በጭፈራዋ የታወቀች ነበረች፤ በዚያ ከሰው ጋር ስስቅ እንዳልወድቅ ሰጋሁ። ሁለቱንም በዓይኔ ለማየት ወሰንሁ።

የስቶክሆልሙን ያስጎበኘችን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ቤተ ሙከራዎቹ እንከን የላቸውም። ትምህርት ሲያበቃ ግን ተማሪዎቹ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ ወደ ምድር ባቡሩ ወረዱ።

«ምሳ ከማን ጋር ትበያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ከምሳ ዕቃዬ ጋር» አለች።

ጎብኚዎቹ ሳቁ። ለእኔ ግን ከሮግስቬድ ተነሥቼ ወደ ሮግስቬድ የምመለስበት አምስት ዓመት በአንዲት ቃል ተገልጦ ታየኝ።

ወደ ደቡብ የሄድሁት ከአንዲት የክፍሌ ልጅ ጋር ነው። ታላቅ እኅቷ በተማሪዎች መኖሪያ፣ ስምንት ክፍሎች አንድ ወጥ ቤት በሚጋሩበት ኮሪዶር ትኖር ነበር። ስንገባ አንድ ረጅም ልጅና አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ፓንኬክ እየጋገሩ ይከራከራሉ።

«ሙቀቱ ሲበዛ ኢንዛይሙ ይሞታል አልኩህ!»

«ስለ ፓንኬኩ ነው ወይስ ስለ ማክሰኞው ፈተና?»

«ስለ ሁለቱም። ሁለቱንም ታሳርራለህ።»

«ያለፈውን ፈተና ከአንቺ በላይ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ማን ነው ያስጠናህ? ዝም ብለህ ገልብጥ!»

ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዳዋስ? ትበያለሽ ወይስ ትፈርጃለሽ?»

ዐቢይ ጾም ነበርና ወተትና እንቁላል እንደማልበላ ነገርኋቸው። ማብራሪያ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ረጅሙ ልጅ «ድንች ይፈቀዳል?» ብሎ ብቻ ጠየቀ፤ ተነሥቶ ድንች ጣደልኝ፤ ክርክራቸውን ቀጠሉ። ድንቹ እስኪበስል ድረስ በዚያ ጠረጴዛ ላይ በአንድ የትምህርት ወቅት ከሰማሁት የበለጠ ኬሚስትሪ ሰማሁ። ሰው እየሳቀ ሊማር እንደሚችል፣ እየተማረ ሊጾምም እንደሚችል አየሁ። በመመለሻው ባቡር ውስጥ የምፈልገውን ማወቄ ከምንም በላይ አስፈራኝ።

በዚያው ጾም፣ በአንድ ረቡዕ ጠዋት፣ አክስቴ ለሥራ ሲወጡ ጫማቸውን እያሰሩ ሳሉ ነገርኋቸው።

«እትዬ፣ የደቡቡን አንደኛ አድርጌዋለሁ። የዚህን ሁለተኛ።»

እጃቸው ማሰሪያው ላይ ቆመ። «ቤተ ክርስቲያን አለ?»

«በባቡር ጥቂት ሄድ ብሎ አለ።»

«ወንድና ሴት በአንድ ቤት ነው የሚያድሩት ይባላል።»

«ክፍሉ የየራስ ነው፤ የጋራው ወጥ ቤቱ ብቻ ነው።»

«ነገር ሁሉ የሚጀመረው ከወጥ ቤት ነው» አሉ። ማሰሪያውን ጨርሰው ቀና አሉና ጉንጬን ሳሙኝ። «እሺ የኔ ልጅ። እሱ የወደደውን ያድርግልሽ።»

ማመልከቻዬን በዚያው ሳምንት ላክሁ።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ መልሱ መጣ፤ አንደኛው ተሳክቷል። አክስቴ ከበር ወጥተው በደረጃው ላይ እልልታቸውን ሲያቀልጡት አንዲት ስዊድናዊት አዛውንት ጎረቤታችን አምቡላንስ ልጥራ ወይ ብለው ብቅ አሉ። እኔም ሳቅሁ። የፈሩልኝን ሁሉ አሸንፈው የተደሰቱልኝ መሰለኝ።

ከዚያ እሑዱ መጣ። የምንገለገልበት ቤተ ክርስቲያን ከስዊድኖች የተከራየነው ነበር። ካህኑ ድምፅ ማጉያውን ይዘው ስለት ያስገቡትን በየተራ ያሰማሉ፤ ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ ጧፍ። ጃንጥላው ሲገባ እያጨበጨብሁ ነበር። ቀጥሎ የእኔ ስም ተጠራ፤ ሌላ ዕቃ አልነበረም፤ የገባሁት እኔው ነበርሁ። «ሂጂ እንጂ፣ መስቀል ተሳለሚ!» አለች ከኋላዬ የቆመች ሴት። የሴቶች እጆች ከጀርባዬ ገፉኝ። መስቀሉ ግንባሬን ሲነካ የተሰማኝን ቅዝቃዜ አስታውሳለሁ።

በምድር ባቡሩ ስንመለስ ከአክስቴና ከባላቸው ፊት ለፊት ተቀመጥሁ።

«እትዬ፣ ይህን መቼ ተሳሉት?»

«ጾሙ ላይ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ስለት ለታቦት ይነገራል እንጂ ለሰው ይነገራል?»

ባላቸው ከመስኮቱ ሳይዞሩ «እኔ ብሆን ጃንጥላ ነበር የምሳለው» አሉ። «ጃንጥላ ዩኒቨርሲቲ አይገባም።»

«አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ቀልድ!»

«ቀልድ አይደለም። የሚሳሉት የራስን ነው። ልጅቷ የራስሽ ናት?»

አክስቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። ልንወርድ ስንል አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ስለት ያስቀረ ቤት ምን እንደሚገጥመው እኔ አልነግርሽም፤ እናትሽን አስቢ» አሉኝ።

ቦታውን መቀበሌን በቀነ ገደቡ ማሳወቅ ይጠበቅብኝ ነበር። የልብን ክዳኖች በወረቀት ላይ መሣል እችል ነበር፤ የእናቴን ሕመም ከነምክንያቱ ማስረዳት እችል ነበር፤ በሐኪሟና በእሷ መካከል የእኔ የትምህርት ቦታ ምንም ድርሻ እንደሌለው አውቅ ነበር። ይህ ሁሉ ዕውቀት ስልኩ ሲጮህ አይረዳኝም። በጮኸ ቁጥር ከተቀመጥሁበት ብድግ እላለሁ፣ ማን እንደሆነ እስካውቅ አልቀመጥም። እናቴ ራሷ ስትደውል «ቦታውን ተቀበልሽ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «ገና ነው» አልኋት። ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ቸር ሰው ነበሩ። «ባለ ዕዳው የተሳለው ነው፣ አንቺ አይደለሽም» አሉኝ፤ ቆየት ብለው ደግሞ «ግን ልጄ፣ ጉባኤው ሰምቷል» አሉ። ገደቡ አለፈ። ቦታዬ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

አክስቴ በማግሥቱ ከገበያ አዲስ ቦርሳ ገዝተው መጡ። «ለትምህርትሽ ነው» አሉ። «እንግዲህ ሁለተኛ ያደረግሽው አለ አይደል? ወደዚያ ትገቢያለሽ።»

«የለም፤ ተሰርዟል።»

«ማን ሰረዘው?»

«ማንም። አንደኛው ሲሳካ በራሱ ይሰረዛል።»

«እንግዲያስ ደውለሽ አስረጃቸው። ስለት ነው በያቸው። ሰው አይደሉም እንዴ?»

ሐሳባቸው ከልብ ነበር። ኮምፒዩተር በሽማግሌ የሚለመን ይመስላቸው ነበር። ቦርሳውን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ፤ በዚያች ደቂቃ እሳቸውም እንደ እኔ ፈሩ፤ ሁለታችንም በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመን አንዳችን ሌላችንን ማጽናናት አልቻልንም።

አንድ ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ ከእሳቸው ጋር ሠራሁ። በሚቀጥለው ዓመት የስቶክሆልሙን ብቻ አመልክቼ ገባሁ። እሑድ እሑድ ዘመርሁ። የክፍሌ ልጆች ዓርብ ማታ በሚሰበሰቡባቸው ጥቂት ጊዜያት እኔ የመዝሙር ልምምድ ነበረኝ፤ ውሎ አድሮ መጥራታቸውን ተዉ። በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቅሁ፣ ዶክትሬቴንም ያዝሁ። በዚያ ዘመን ሁሉ ስሜን ጠርቶ «አሳርረሽዋል» ያለኝ ሰው አልነበረም። ዛሬም አዲስ ሰው ወዳለበት ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማየው መውጫውን ነው። እናቴ ከስለቱ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች፤ አክስቴ ስድስቱንም ለስለቱ ይሰጡታል፤ እኔ ለሐኪሟ። ስለዚህ አንከራከርም።

የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ነው። መቼ ተሳሉት ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር አክስቴ «ጾሙ ላይ» ይላሉ። እኔም የነገርኋቸው ጾሙ ላይ ነው። ጾሙ ሁለት ወር የማይሞላ ቢሆንም ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ሴቶችን ይይዛል፦ ምርጫዬን ሳያውቁ በቅንነት የተሳሉትን አክስቴን፣ ሰምተው፣ ጉንጬን ስመው፣ ከዚያ ሄደው በሩን በመልአክ ስም የዘጉብኝን አክስቴን። የትኛዋ እንዳሳደገችኝ ሳላውቅ ዕድሜዬ ወደ አርባ ተጠግቷል።

እትዬ፣ ይህን እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ይቅርታ እንዲጠይቁኝ አልፈልግም፤ ስለ እናቴም አያንሱ። አንድ መልስ ብቻ እጠይቅዎታለሁ፣ በአንድ ቃል፦ የተሳሉት ከዚያ ረቡዕ በፊት ነው ወይስ በኋላ?