ጆንያ ደርዳሪው ይሄነው

ዳንግላ ውስጥ ይሄነውን የማያውቅ የእህል ነጋዴ አልነበረም። አጭር፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ከአስፋልቱ ዳር ባለው ትልቅ የእህል መጋዘን ሃያ ዓመት ጆንያ ደርድሯል። መሸከም ጉልበት ያለውን ሁሉ አያቅተውም፤ መደርደር ግን ሙያ ነው። ጆንያው በጆንያ ላይ እየተሻገረ፣ ማዕዘኑ ተናክሶ ካልወጣ ክምሩ ይናዳል። የይሄነው ክምር አንድም ቀን ዘምሞ አያውቅም። እሱም ይህንኑ ሳይናገር የዋለበት ቀን የለም።

በ2007 ዓ.ም. መስከረም ላይ መጋዘኑ ለሌላ ሰው ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ሠላሳ አንዱንም ጫኝና አውራጅ ግቢ ውስጥ ሰብስቦ፣

«ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ የለኝም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቁሙ፤ የሚያስፈልገኝን ያህል እመርጣለሁ» አላቸው።

ትናንት ሲጎራረስ የነበረ ሰው በማግስቱ በሩ ላይ ተገፋፋ። አሥር ሰዎች ተመረጡ፤ ይሄነው አንዱ ነበር። ዞር ሲል አሥራ አምስት ዓመት አብሮት የተሸከመው ጓደኛው ሀብቱ ውጭ ቀርቶ መሬት መሬት ያያል።

ይሄነው ከሥራ እንደወጣ ከበሩ ፊት ለፊት ሻይ ወደምትሸጠው እናትነሽ ሄደ።

«ስንጋፋ አየሽን?» አላት።

«አይቻለሁ። የበግ ገበያ መስሎኝ ዋጋ ልጠይቅ ነበር።»

ሳቀና ወደ በሩ ዞረ። «በዚህ ዓይነት ተመልሼ አልገባም» አለ።

ጓደኞቹም ተስማሙ፤ ራሳቸው በሚያወጡት የሥራ ተራ ካልሆነ ማንም ላይገባ ቃል ተገባቡ። ባለቤቱ ተራቸውን አልቀበልም ብሎ ከገጠር የቀን ሠራተኞች አመጣ። ሠላሳ አንዱም ሁለት ወር ሥራ ፈቱ።

እናትነሽ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። እሑድ በእድሩ ስብሰባ ተነሥታ ነገሩን ዘረገፈችው። አንድ ሽማግሌ፣ «እድር እኮ ለሞት ነው» ቢሏት፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ አድማሴ ቀበል አድርገው፣

«ታዲያ እስኪሞቱ እንጠብቃቸው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ የተቃወመም አልነበረም።

ወሩ ኅዳር ስለነበር የአካባቢው በቆሎ ደርሶ እጅ ይፈልግ ነበር። ጋሽ አድማሴ ገበሬዎቹን አነጋገሩ። ጫኞቹ በየማሳው እየዞሩ ሊያጭዱ፣ ገበሬውም ከምርቱ እህል ሊሰፍርላቸው ተስማሙ። የሰፈሩ ሴቶች በየተራ ዳቦና ጠላ ይዘው ወደ ማሳው ይወጡ ጀመር።

ይሄነው ለማጨድ የተፈጠረ ሰው አልነበረም። አዝመራው የሚባለው የማሳው ባለቤት ቆሞ ሲያየው ቆየና፣

«አንተ ሰው፣ በቆሎ ነው የምታጭደው ወይስ ፀጉር የምታስተካክለው?» አለው።

ለመከመር ሲሆን ግን ማንም አልደረሰበትም። የከመረውን አገዳ ለማየት ከጎረቤት ማሳ ድረስ ሰው መጣ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የመጋዘኑ ክምር ተናደ። ደግነቱ ምሳ ሰዓት ስለነበር ሰው አልተጎዳም። በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ራሱ በባጃጅ ማሳው ድረስ መጣ።

«ይሄነው፣ ና ግባ። አንተን ቋሚ አደርግሃለሁ» አለው።

«እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኛ ሠላሳ አንድ ነን» አለ ይሄነው።

«እኔ የምፈልገው አንተን ነው!»

«እኔን ከፈለጉ እነሱንም ይፈልጉ። ብቻዬን ጣራ ድረስ ማን ያቀብለኛል?»

ባለቤቱ ተቆጥቶ ሄደ። ከአራት ቀን በኋላ ግን ለጋሽ አድማሴ ሽማግሌ ላከ። ውሉ በእናትነሽ የሻይ ጠረጴዛ ላይ ተፈረመ፤ ለሁሉም የዓመት ቅጥር፣ በየዓመቱ የሚታደስ። አምስቱ ቀድመው ጫግኒ ከተማ ሥራ አግኝተው ስለነበር አልተመለሱም። በእነሱ ቦታ ከገጠር ከመጡት አምስቱ እንዲገቡ የጠየቀው ይሄነው ነው፤ «እነሱም እንጀራ ፍለጋ ነው የመጡት» ብሎ።

በመጀመሪያው ቀን ሀብቱ ጆንያ ተሸክሞ ሲገባ ይሄነው ክምሩ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ አጨበጨበ። ከዚያ ለአዲሶቹ አምስት አደራደሩን በቋንቋቸው በአገውኛ ሊያስረዳቸው ሞከረ። አገውኛው የገበያ አገውኛ ነውና ከተናገረው ግማሹ አልገባቸውም፤ ሆዳቸውን ይዘው እስኪስቁ ድረስ ግን አዳመጡት።